ስምንተኛው ዘፈን

«ድምፁን ጨምሪው።»

«ጨምሬዋለሁ አጎቴ። ከዚህ በላይ የለውም።»

«የቴሌቪዥኑንስ?»

«የቴሌቪዥኑንም ጨምሬዋለሁ።»

አንሙት ከፍራሹ ሳይነሳ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየ። አንዲት ቀይ መኪና መነሻው መስመር ላይ ቆማ ሞተሯ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ከሞተሩ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ሺቫ የሚሉት የሰባት ቀን ሐዘን ሦስተኛ ቀን ነው። ስመኘው ሰኞ ጠዋት ወደ ሚፋሉ፣ እዚህ እስራኤል ፋብሪካውን እንዲህ ነው የምንለው፣ ሊገባ፣ የመግቢያ ካርዱን እንደያዘ፣ በሩ ላይ ልቡ ቆመ፤ ሰኞ ከሰዓት ተቀበረ። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ይሻሽ፣ ታናሽ ወንድሙ አንሙትና አንድያ ልጁ ሺራን የሸሚዛቸው አንገት ተቀድዶ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል። መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ከብሎኩ ሥር በተተከለው ድንኳን ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከሰሜን በአውቶቡስ የመጣው ዘመድ እየወጣ አልቅሶ ይወርዳል። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነውና አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ለማልቀሻ የሚሆን ትንፋሽ የተረፈው ሰው ጥቂት ነው።

ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ አንሙት ያዝዛል፣ ሺራን የአባቷን ኮምፒዩተር ቁልፎች ትነካካለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ሕንጻዎች በአንዱ ተከራይታ ትኖራለች፤ ቢሮ ትሠራለች። ኮምፒዩተር ከነካች ታስተካክለዋለች ብሎ ሁሉም ስላመነ፣ እሷም ሐዘንተኛ መሆኗ ከሁሉም ሰው ልብ ወጣ።

«በሺቫ ዘፈን አይሰማም» አለች ጎረቤታቸው ሙሉሽ፣ የሻይ ቴርሞስ እንደያዘች። የተናገረችው ለግድግዳው ነው።

«አይሰማም እኮ» አለች ሺራን። «ችግራችንም እሱ ነው።»

ሁለት ሰው ሳቀ። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሶ ከንፈሩን መጠጠ። ሙሉሽ አልሳቀችም፤ ወደ ድንኳኑ ወርዳ ለሌሎቻችን ጎረቤቶች ነገረች። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ከሰማን ሙሉውን ሳንሰማ አንተኛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንሙት የሚፈልገው ዘፈን አይደለም፤ የአባቱን ድምፅ ነው። የአባቱ ድምፅ ደግሞ እዚያ የመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ እንጂ በዓለም ላይ ሌላ የትም የለም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ቤተሰቡ ከጎንደር ገጠር ወደ አዲስ አበባ ወርዶ እስራኤል ለመግባት፣ ኤምባሲዋ አካባቢ በተከራየው አንድ ክፍል ተራ ይጠብቅ ነበር። አባትየው ታመው ተኝተዋል። በሱዳን በኩል ቀድማ እስራኤል የገባች አንዲት እህት ነበረቻቸው። ያኔ መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ካሴት ላይ ተናግሮ በሰው ይልከዋል፤ ሰላምታውም፣ የከብቱ ወሬም፣ ቅሬታውም በካሴት ይሄዳል። አንድ ቀን ጠዋት አባት ስመኘውን ቴፕ ተበድሮ እንዲመጣ አዘዙት። እናት መድኃኒት ፍለጋ ወጥተዋል። የአሥራ ሦስት ዓመቱ አንሙት ለስም ምዝገባ የቤተሰቡን ቦታ ይዞ ሰልፍ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አባትና የአሥራ ሰባት ዓመቱ ስመኘው ብቻ ናቸው። ካሴቱ ተቀዳ። ቀትር ላይ አባት ሞቱ።

አንሙት ከሰልፉ አልወጣም፤ ማን ነግሮት ይውጣ? ከሰዓት በኋላ ስመኘው ዳቦ ይዞ መጣ። «ብላ» አለው። አንሙት በላ። ዳቦው አልቆ ፍርፋሪው ከሸሚዙ ከተራገፈ በኋላ ነው ወንድሙ «አባባ ሞቷል» ያለው።

ይህችን ዳቦ አንሙት ይቅር ብሏት አያውቅም። «አባቴ ተገንዞ ተኝቶ እኔን ዳቦ ያበላኛል» ይላል። ለቅሶ ላይ ቢላት ባልከፋ፤ እሱ ግን ሰርግ ላይም ያነሣታል። አንድ ጊዜ ሙሽሮቹ ኬኩን ሊቆርሱ ሲሉ አንሥቷት ሙሽሪት አለቀሰች።

ካሴቱ እስራኤል ደረሰ። አክስትየው ግን መርዶዋን ሳትሰማ የሟቹን ድምፅ እንዳትሰማ ሽማግሌዎች ደበቁባት፤ መርዶውን ከነገሯት በኋላም ካሴቱን የት እንዳስቀመጡት ረሱት። ከስምንት ዓመት በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘና ለታላቁ ልጅ ለስመኘው ተሰጠ። ስመኘው ያኔ ከሚፋል ሲወጣ ሰው የጣለውን ኮምፒዩተር ሰብስቦ የሚፈታና የሚገጥም ሰው ነበር። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተሩ እየገለበጠ አንድ ጊዜ አጫወተው። ክሩ ደርቆ ስለነበር መጨረሻው ላይ ተበጠሰ።

ያን ሰሞን የሚወደውን የመኪና ውድድር ጨዋታ ወደ ባዶ ሲዲ ሊገለብጥ አዘጋጅቶ ነበር። ጨዋታው ስምንት ዘፈኖች አሉት፤ ተጫዋቹ ከመነሳቱ በፊት የሚፈልገውን በቁጥር ይመርጣል። ስመኘው ስምንተኛውን ዘፈን አወጣና በቦታው አባቱን አስገባ። ለምን ለብቻው አላስቀመጠውም? እናቱ ጠይቀውት ነበር። «ካሴት ይጣላል፣ ይረሳል» አላቸው። «ይህን ጨዋታ ግን እኔ ቤት ማንም አይጥለውም።»

አንሙት ያኔ ወታደር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ የተበጠሰውን ካሴት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘው።

«አንተ ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«እኔስ?»

«ስምህ አለበት። ዲስኩ ላይ ነው። ና፣ አብረን እንስማው።»

«ድርሻዬን ለብቻህ በልተህ በመጫወቻ ልታባብለኝ ነው?» አለና ቦርሳውን ሳይፈታ ወጣ።

ኩርፊያው ሃያ ስድስት ዓመት ሄደ። በዓል አብረው ይውላሉ፤ አንዱ ለአንዱ ዶሮ ያነሣለታል፤ ስለ ካሴቱ ግን ቃል የለም፤ እናታቸውም ሁለቱ ሳይታረቁ አልሰማም ብለው ቀሩ። አንሙትን የሚበላው አንድ ጥያቄ ነበር። አባቱ ሲሞቱ መርቀውታል ወይስ ረስተውታል? «ስምህ አለበት» ብሎ ነገር መልስ አይሆነውም። ስም በብዙ መንገድ ይነሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንሙት እንደ ምንም ብሎ ተሸነፈ። በስልክ፣ ሌላ ነገር እያወራ፣ «ያ ነገር የሚሰማ ከሆነ ጥራኝ» አለ። ዲስኩ ግን ያኔ ብርማው ቅቡ ተላልጦ አልቋል። የቀረው ስመኘው ቀደም ብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀመጠው ግልባጭ ነው። ስመኘው በየወሩ ይደውላል። «ጨዋታው ይነሳል። ድምፁ ብቻ ነው የቀረው። ደርሼበታለሁ» ይላል። ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንትም ደወለ።

«አግኝቼዋለሁ መሰለኝ። ዓርብ ና።»

«ዓርብ ፈረቃ አለብኝ» አለ አንሙት።

ፈረቃ አልነበረበትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ራሰ በራ ሰው ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ኤቭያታር ይባላል፤ ሚፋሉ ውስጥ ከስመኘው ጋር በአንድ የማምረቻ መስመር ላይ ለሃያ ዓመት ሠርቷል። አማርኛ አያውቅም። የወይን ፍሬ ሣጥን በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ፍራሹ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ በዕብራይስጥ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ይሻሽ።

«ጥሩ ሰው ነበር አለ» አለች ሺራን።

«ይህ ሁሉ ያን ብቻ ነው?»

«ሳፍታ፣ ሰውየው ብዙ ይደግማል» አለች ለአያቷ።

ኤቭያታር ግን የተናገረው ሌላም ነበረው። አንሙት የሰማው አፉን ከፍቶ ነው። ሚፋሉ ውስጥ በምሳ ሰዓት እነዚህን የድሮ ጨዋታዎች የሚወዱ አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። የድሮውን ኮምፒዩተር አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር በሚሉት፣ ያስነሧቸዋል። የሁሉም ሰው ሥቃይ አንድ ነው፤ ጨዋታው ይነሳል፣ ሙዚቃው አይሰማም። ያን የሚፈታላቸው ስመኘው ነበር። ወረፋ ይይዙለት ነበር። «ፕሮፌሰር» ይሉት ነበር።

«የኛን ስመኘው?» አለ አንሙት።

«ያንተን ስመኘው።»

አንሙት ኮምፒዩተሩን አሳየው። ኤቭያታር መነጽሩን አድርጎ ጥቂት አየና ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነፋ።

«ሦስት ቀን ድምፅ ስትጨምሩ የነበረው በዚህ ላይ ነው?»

«በሱ ላይ ነው» አለች ሺራን።

«ይሄ ውስጥ ሙዚቃ የለም። እስከ ነገ ብትጨምሩ አይሰማም።»

አስረዳቸው። የዚያን ጊዜ የጨዋታ ሲዲ ሁለት ነገር ይይዛል። የመጀመሪያው ክፍል ጨዋታው ነው። ከሱ ኋላ ያሉት፣ ማንኛውም የሙዚቃ ሲዲ ላይ እንዳሉት፣ ተራ ዘፈኖች ናቸው። ጨዋታው ሲነሳ ዘፈኑን ራሱ አይዘፍነውም፤ ለሲዲ ማጫወቻው «ሦስተኛውን አጫውት» ብሎ ያዝዘዋል። ስመኘው ሁለት ግልባጭ አስቀምጧል። ትንሹ ጨዋታውን ብቻ የያዘ ነው፤ እነሱ ሲያስነሱት የነበረው እሱን ነው። ትልቁ ሁሉንም ይዟል። ከትልቁ ጎን ደግሞ አንዲት ሚጢጢ የጽሑፍ ፋይል አለች፤ የትኛው ዘፈን ከየት እንደሚጀምር በደቂቃና በሰከንድ የምትዘረዝር። ኢሙሌተሩ መክፈት ያለበት እሷን ነው።

«ሞክሬያታለሁ» አለች ሺራን። «አልከፈትም አለኝ።»

ኤቭያታር ጽሑፏን ከፈታት። የመጀመሪያውን መስመር በጣቱ ነካ። ትልቁ ፋይል የሚገኝበት ቦታ የተጻፈው እዚያ ነው፤ የተጻፈው ግን የድሮው ኮምፒዩተር ቦታ ነው። ዕቃው ቤት ቀይሯል፣ ወረቀቷ የድሮውን ቤት ታሳያለች።

ሺራን ይህን ለአያቷ ስትተረጉም ወይዘሮ ይሻሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደኛ ነዋ። እኛስ ከካራቫኑ ጊዜያዊ ቤት ከወጣን ስንት ዓመታችን፣ ደብዳቤው አሁንም እዚያ ይሄድ የለ።»

ኤቭያታር አድራሻውን አስተካከለ። ከዚያ እጁን ከቁልፎቹ አነሣ።

«ምነው?» አለ አንሙት።

«ይሄን ያስተማረኝ እሱ ነው» አለ ኤቭያታር። «ወረቀቷን ከፍተህ አድራሻውን እይ፣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው እያለ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የእኔን ጨዋታዎች በሙሉ እንዲህ ነው ያዳነልኝ። እና ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱ አቃተው?»

አንሙት የተቀደደ አንገቱን ያዝ አደረገ። ሺራን ግን አባቷ ያደርግ እንደነበረው ጥርሷን ነከሰችና «እንሞክረው» ብላ ተጫነችው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ያ የድሮ ጨዋታ ሲከፈት ቀስ ይላል፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ እያሳየ ሰውን ያስጠብቃል። በዚያው ቅጽበት ሽማግሌው የቤተ እስራኤል ቄስ ገቡ፤ ከኋላቸው ወንዶቹ። የከሰዓቱ ጸሎት ሰዓት ደርሷል። አንሙት ተነሣ፣ ኤቭያታርም ተነሣ፣ ሳሎኑ ሞላ። ሁሉም በየልቡ ቆሞ የሚጸልይባት ያቺ ጸጥ ያለች ጊዜ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ የቀረውን የኮምፒዩተሩን ድምፅ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። የቴሌቪዥኑንም እንዲሁ።

የጨዋታው መክፈቻ ዘፈን ጊታርና ከበሮ ነው። ሲፈነዳ የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። አንድ ሽማግሌ ወደ ሚክላጥ፣ ወደ ሮኬት መጠለያው፣ ለመሮጥ በሩ ድረስ ደርሰው ነበር፤ የማስጠንቀቂያው ጩኸት መስሏቸው። ድንኳን ውስጥ የነበርነው ቀና ብለን አየን፤ ሙሉሽ «ብያለሁ» አለች። ሺራን በሰው እግር መሃል ተንደርድራ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ ግን ባትሪ አለውና ቀጠለ። በመጨረሻ ትራስ ጫነችበትና ተቀመጠችበት።

ጸሎቱ አለቀ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ቄሱ ወደ ፍራሹ ዞሩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባሌ ነው» አሉ ወይዘሮ ይሻሽ።

ቄሱ ዓይናቸውን አንከራተቱ።

«ይህ የሚጮኸው አይደለም። እሱ ከዚህ በስተኋላ ነው ያለው። ስምንተኛው ላይ።»

ነገሩን አስረዷቸው። ቄሱ ሲሰሙ ቆዩ። እሳቸውም ያኔ እዚያ ሰልፍ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሟቹን አባት ከገነዙት አንዱ ናቸው። ከሽበታቸው በስተቀር ምንም ነገራቸው አልተለወጠም፤ ለመወሰን የሚወስዱት ጊዜም ያው ነው።

«በሐዘን ዘፈን አይሰማም» አሉ። «አባት ሲናገር ጆሯችሁን ድፈኑ የሚል ግን እኔ አላነበብሁም። ዘፈኑን ዝጉት። ሰውየውን ስሙት።»

«አመሰግናለሁ አባቴ» አለ አንሙት።

«ሳይሰማ ምን ያመሰግናል» አሉ ቄሱ፤ ወጡ።

ኤቭያታር ከመሄዱ በፊት ለሺራን አሳያት፤ ድምፁን ዘግታ እንድትከፍት፣ ቁጥር ስምንትን እንድትመርጥ፣ ውድድሩ ሲጀምር ድምፁን እንድትከፍት፣ የሞተሩንም ጩኸት ብቻውን እንድታጠፋ። ያን ዕለት ግን አልሰሙም። አንሙት «ሰው በዛ» አለ። ሰው ሲያልቅ «ደክሞኛል» አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ያኮረፈበትን ነገር እጁ ላይ ሲያገኘው ፈራው።

ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ሆነ። የሩቁ ዘመድ ለሰንበት ወደየቤቱ ገባ፤ ከኛም ወገን ዶሮ የሚሠራ ዶሮውን፣ ዳቦ የሚጋግር ዳቦውን ይዟል። ሙሉሽ ብቻ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን ታጥባለች፤ ውሃውን ዘግታ ነው የምታጥበው።

«እማዬ» አለ አንሙት። «ያውቅ ነበር እኮ። የደቂቃ ሥራ ነው ብሏል ሰውየው። ለምን አላሰማኝም?»

«ፈርቶ ነዋ።»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ነበር።» ወይዘሮ ይሻሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ላንቺስ አልነገረሽም?» አሏት ሺራንን።

«ልጅ እያለሁ ጨዋታውን ስጫወት ስምንተኛውን አትንኪ ይለኝ ነበር። የተበላሸ ነው ይለኝ ነበር።» ሺራን ስክሪኑን እንጂ ማንንም አላየችም። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዓርብ አንሙት ይመጣል አለኝ። ሸሚዝ ተኩሶ ነበር።»

ሺራን መረጠች። ስምንት። ቀይዋ መኪና መነሻው ላይ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ተቆጠረ። ሌሎቹ መኪናዎች አቧራ እያስነሡ ሄዱ። ቀይዋን የሚነዳት የለም፤ እዚያው ቀረች። ሺራን ድምፁን ከፈተች።

መጀመሪያ የተሰማው የክር ሹክሹክታ ነው። ከዚያ ሳል። ከዚያ አንድ ሰው፣ ከሩቅ አምባ እንደሚጣራ ሁሉ ጮክ ብሎ፦

«እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።» ሳል። «ደኅና ነን ስልሽ ደኅና ነን። ከብቶቹን ሽጠን ነው የመጣን። ጥቁሯን ላም ግን አልሸጥኋትም፤ ለጎረቤት ተውኋት፤ እሷን ምን ልሸጣት እጄ እሺ አይለኝ። ይሻሽ ደኅና ናት፤ መድኃኒት ብላ ወጥታለች። ይሻሽ ባትኖር እኔ እዚህም አልደርስም ነበር፤ ዕድሜ ይስጣት። ስመኘው ይኸውልሽ አጠገቤ ነው። ረዝሟል፤ ብታዪው አታውቂውም። ይባረክ። ዘሩ ይብዛ። ኢየሩሳሌምን ዓይኑ ይይ።»

ወይዘሮ ይሻሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። አንሙት ወደ ስክሪኑ አጎንብሷል፤ የሚመጣውን ስም እየጠበቀ። ስሙ አልመጣም። የክሩ ሹክሹክታ ብቻ ሄደ፣ ሄደ። ቴፑ ያለቀ መሰለ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ ለቴፑ ቀረብ ያለ፤ ገና ድምፁ እየተቀየረ ያለ ጎረምሳ።

«አባባ፣ አንሙትስ?»

ሺራን ቀና አለች። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ከሦስቱ ቀድማ ያወቀችው እሷ ነች። አባቷ በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምታ አታውቅም፤ ግን አወቀችው።

«የት አለ?» አሉ አባት።

«ሰልፍ ላይ ነው። ቦታችንን ይዟል።»

ረጅም ትንፋሽ።

«በልቷል?»

«አልበላም።»

«ውሰድለት። ሳይበላ ምንም አትንገረው።» ሳል፤ ከዚያ ድምፁ ከቅድሙ ወረደ። «እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ።»

ቀጭኑ ድምፅ «እሺ» አለ። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን የሚያጥብ ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ የሄዱት መኪናዎች አንድ ዙር ጨርሰው በቀይዋ አጠገብ ሽው እያሉ አለፉ። ጨዋታው ዘፈኑ ሲያልቅ ከመጀመሪያው የሚደግም ነውና ክሩ እንደገና ሹክ ማለት ጀመረ፤ «እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል?»

«ልዝጋው?» አለች ሺራን።

«ተይው» አሉ ወይዘሮ ይሻሽ። «ይጨርስ። ሰው አያቋርጡም።»

ሁለተኛውንም ሰሙት። አንሙት ሁለተኛውን ሲሰማ ስክሪኑን አላየም። እንደሚያለቅስ የጠበቅን ካለን አላለቀሰም። ስለ ምርቃቱ፣ ምርቃት ነው አይደለም፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ለወይዘሮ ይሻሽ ብቻ፣ «ሠራዊት ስገባ ሸኝቶኝ ነበር» አላቸው፤ ድንገት ከምንም ተነሥቶ። ቆይቶ ደግሞ፣ «የምሠራበት ሚፋልም ያስገባኝ እሱ ነው። ሰው ነው የነገረልህ ይለኝ ነበር፤ ሰውየውን አንድ ቀን አላሳየኝም» አለ። ከዚያም፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እናም እሺ አለ» አለ።

«እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ የተባለ ልጅ» አሉ እናቱ። «ይህን ምን ብሎ ይንገርህ? የሚሰማህ መሰለህ? እኩያዬ ነህ እንጂ አባቴ አይደለህም ትለው ነበር። እኔም ስትለው ሰምቼሃለሁ።»

አንሙት ራሱን ነቀነቀ። ብሎታል። ከአንድ ጊዜ በላይ ብሎታል።

ሺራን ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። ሰንበት ሊገባ ነው።

እሑድ ጠዋት ሰባተኛው ቀን ሞላ። ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ቄሱ ከፍራሹ አጠገብ ቆመው «ተነሡ» አሏቸው። ተነሡ። ልማዱ ከሰባት ቀን መቀመጥ በኋላ ወጥቶ ብሎኩን አንድ ጊዜ መዞር ነው። ወይዘሮ ይሻሽ በሙሉሽ ክንድ ተደግፈው ከፊት ሄዱ፤ ሙሉሽ አራት ፎቅ ሙሉ ስለ ሊፍቱ እያማረረች። አንሙትና ሺራን ከኋላ ቀሩ። ድንኳኑ እየተነቀለ ነው፤ ወንበሮቹን የሚደራርቡት ሰዎች ቆም ብለው አሳለፏቸው።

«ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?» አለ አንሙት።

«እገባለሁ።»

«በምን?»

«በባቡር ነዋ። ሁልጊዜ በባቡር አይደል የምሄደው።»

«ባቡር ጣቢያ ድረስስ?»

«አጎቴ፣ ስድስት ዓመቴ አይደለም።»

«አላልሁም።»

ከብሎኩ ጀርባ መኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ ሲደርሱ አንድ ዕቃ አመላላሽ መኪና ሳያያቸው ወደ ኋላ መጣ። አንሙት የሺራንን እጅ ከአንጓው ያዘና ወደ ራሱ ሳባት። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዞረና ሄደ። መንገዱ ባዶ ሆነ። አንሙት ዓይኑን ወደ ቆሻሻ ገንዳዎቹ አዙሮ ነው የሚሄደው፤ የሚታይ ነገር እዚያ ያለ ይመስል። እጇን ግን አልለቀቀም። ሺራን እጇን አየች፤ ከዚያ እሱን። ጉልበቱን ስለሚያመው እርምጃው አጭር ነው። የሷን አሳጠረችና አብራው ማዕዘኑን ዞረች።